ሦስት መቶ የወይን ቁራጭ

እናቴ ሦስት መቶ የወይን ቁራጭ ለማብቀል የተስማማችው እኔን ለእህቷ ላለመስጠት ነው። ይህን የሰማሁት ጠረጴዛ ሥር ሆኜ ነው። ሰባት ዓመቴ ነበር። ትልልቆቹ ቁም ነገር ሊያወሩ ሲሉ «ሂጂ ውጪ ተጫወቺ» ይሉኛል፤ እኔም በፊት በር ወጥቼ በጓሮ በር እመለስና ጠረጴዛው ሥር እገባለሁ። ከዚያ የሚታየው እግር ብቻ ነው። እግር ግን ከፊት ይልቅ ብዙ ይናገራል፤ ሰው ፊቱን እንጂ እግሩን አስመሳይ አድርጎ አላሳደገውም።

«ቁራጩ ከያዘልኝ» አለች እናቴ፣ «ችግኝ ነጋዴው ሰውዬ ችግኝ ጣቢያው ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል እሰጥሻለሁ ብሏል። ሥራውም የዘወትር ይሆናል። አንዴ ልግባ እንጂ እጄ ያሳምናቸዋል። ልጄን ይዤ እገባለሁ።»

«ባይዝልሽስ?» አለች እትዬ። እትዬ የእናቴ ታላቅ ናት፤ ሩቅ ከተማ ነው የምትኖረው። ስትመጣ ሳህኖቻችንን አንድ በአንድ እያሸተተች እንደገና ታጥባለች።

«ይይዝልኛል።»

«ባይዝልሽስ ነው እኮ የምልሽ።»

የእናቴ የእግር ጣቶች ነጠላ ጫማው ላይ ጭብጥ አሉ። «ካልያዘ ትወስጃታለሽ» አለች።

«እስከ መቼ ነው ግን የምትደብቂው? አንድ ቀን እሳት ላይ ትወድቂያለሽ!»

«ቀስ በይ እትዬ፣ ልጅቷ ትሰማለች።»

ልጅቷማ ሰምታለች። ልጅቷ የገባት ግን እናቷ የሆነ ነገር ደብቃለች ማለት ነው። በእኔ የሰባት ዓመት ልምድ ደግሞ የሚደበቅ ነገር የሚበላ ነገር ነበር። በማግስቱ እናቴ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ቤቱን በረበርኩት። ብዙም አልፈጀብኝም፤ አንድ ክፍል ነው፣ ግማሹም የችግኝ ነው። መደርደሪያው ላይ፣ ከጠርሙሶቹ ኋላ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የማር ጠርሙስ አገኘሁ። በቃ፣ ምስጢሩ ተገኘ ብዬ በጣቴ ጀመርኩት።

አሁን አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ትምህርትን አምስተኛ ክፍል ላይ ተሰነባብተናል፣ ከዚያ ወዲህ እሱም አልጠራኝ እኔም አልፈለግኩት። ፀጉር ቤት ነው የምሠራው። እናቴ የደበቀችው ማር እንዳልነበረ ለማወቅ ግን ትምህርት አያስፈልግም ነበር። ዓይኗን ነበር የደበቀችው። ከዳር ጀምሮ እየጠበበባት ሄዶ፣ ያኔ የቀራት እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ያለች ብርሃን ነበረች፤ እሷም ጭጋግ ለብሳለች።

ሥራችን ቁራጭ ማብቀል ነበር። ሰዎች ጽጌረዳ ገዝተው ሲተክሉ ከዘር የመጣ ይመስላቸዋል። አብዛኛው ግን ከሌላ ግንድ የተቆረጠ እንጨት ነው፤ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ተሰክቶ፣ መቆረጡን ረስቶ ሥር ያወጣ። እናቴ ለዚህ ሥራ ከሱቅ የሚገዛውን ዱቄት አትወድም ነበር። መድኃኒቷን ራሷ ነው የምታዘጋጀው። እኔ ከወንዙ ዳር ለጋ የአኻያ ቅርንጫፍ አመጣለሁ፣ እሷ ትከትፈውና ሁለት ቀን ትዘፈዝፈዋለች፤ ውሃው ሻይ ይመስላል። ቀምሼዋለሁ፣ ሻይ አይደለም። ቁራጮቹ እዚያ ውስጥ ያድራሉ። ከዚያ ግርጌያቸው እሬት ይቀባል። እሬቱንም ቀምሼዋለሁ፤ ለሦስት ቀን ከምላሴ ጋር ተኳርፈናል። እንዳይሻግቱ ደግሞ የተወቀጠ ቀረፋ ይነሰነስባቸዋል፣ ለደካማዎቹ ጠብታ ማር። ቤታችን ሁልጊዜ የሚሸተው ቀረፋና እርጥብ አሸዋ ነበር፤ ጎረቤት ኬክ የምንጋግር ይመስለው ነበር።

እኔን የምትጠራኝ «ቅንቡርስ» ብላ ነው። ቅንቡርስ አፈር ውስጥ ተቀምጦ የችግኝ ሥር የሚበላ ወፍራም ነጭ ትል ነው። እናት ልጇን እንዲህ ትላለች? የእኔዋ ትላለች። ያውም እያቀፈችኝ።

በዚያ ሰሞን እናቴ ጨዋታ አብዝታ ነበር። ከበራችን እስከ ቧንቧው ስንሄድ እርምጃ እንቆጥራለን፤ ሠላሳ አራት ነው። እኔ ለማሳሳት ስዘል ከልቧ ትቆጣኛለች። «ይሄ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» ትለኛለች ጨርቅ አንስታ። «ቀይ!» እላለሁ። «ጎበዝ!» አስተማሪ የሆነችብኝ ይመስለኝ ነበር፣ አንዳንዴ ሆን ብዬ እሳሳታለሁ፤ ሰማያዊውን አረንጓዴ ብያት ሰማያዊ ቀሚሷን አረንጓዴ ነው ብላ ለብሳ ገበያ ሄዳለች። ሳቄን አፍኜ ነበር የተከተልኳት። ሻይ ስትቀዳ ጣቷን ስኒው ውስጥ ታስገባለች። «እማ፣ ሻዬን በጣትሽ አማሰልሽው!» ስላት «እንዲጣፍጥልሽ ነው» ትለኛለች። ጣቷ ጫፉ ላይ ሁልጊዜ ቀይ ነበር። ሙቀቱ ሲነካት መሙላቱን የምታውቅ መሆኗ አሁን ይገባኛል።

የችግኝ ነጋዴው የወይኑን ሐረግ በትልልቅ እስር አድርጎ በጋሪ ይዞ መጣ። ጋሽ ጣሳ ነው የምንለው፤ ኪሱ ሳይቀር ባዶ ጣሳ አይጠፋውም።

«ይቺ ቅንቡርስ አሁንም አልተነቀለችም?» አለ ሲያየኝ።

«ሥር ይዣለሁ ጋሼ» አልኩት።

«ሥርሽ ምላስሽ ነው!» ወደ እናቴ ዞረ። «በይ እንግዲህ። ሦስት መቶ ቁራጭ። በስድስት ሳምንት ውስጥ ሁለት መቶ ሃምሳው ካቆጠቆጠ ክፍሉ ያንቺ ነው፣ ቁልፉን አመጣልሻለሁ። ከዚያ ካነሰ ግን ባለቤቱን ማሳመን አልችልም።»

«ሁለት መቶ ሰማንያ ታያለህ» አለች እናቴ፣ ከትከሻው በላይ ያለውን ግድግዳ እያየች። የኮራች መስሎኝ እኔም አገጬን ቀና አደረግኩ።

የወይን ሐረግ በዚያ ወቅት ቅጠል የለውም፤ ደረቅ ዱላ ነው። ስለዚህ የትኛው ላይ የትኛው ታች እንደሆነ በቀላሉ አይለይም። ተገልብጦ የተተከለ እንጨት ደግሞ ሥር አያወጣም። ለዚህ ሲባል የሙያው ሰዎች ምልክት አላቸው፦ ላዩ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል፣ ታቹ በሰያፍ። እናቴ ሌላ ጊዜ መቀሱን ለሰው አትሰጥም። ያን ቀን ግን «እጄን አሞኛል፣ አንቺ ትቆርጫለሽ» አለችኝ። እኔ! የትልቅ ሰው መቀስ! ያን ዕለት ማንም ንግሥት ብትመጣ ከመቀመጫዬ አልነሳላትም ነበር።

«ላዩን?» ትላለች።

«ቀጥ!»

«ታቹን?»

«ሰያፍ!»

«ብትሳሳቺ?»

«አልሳሳትም!»

የመጀመሪያውን ቀን አልተሳሳትኩም። መቶ ሃምሳውን እንዳለችኝ ቆረጥኩ። ሲመሽ አውራ ጣቴ ውሃ ቋጠረ።

በሁለተኛው ቀን እናቴ መትከል ጀመረች፤ እኔ እየቆረጥኩ ከአጠገቧ ነኝ። ሥራዋ እንዴት ቀርፋፋ ነበር! ቁራጩን ታነሳለች፣ አንዱን ጫፍ በአውራ ጣቷ ትዳስሳለች፣ ትጠራጠርና ከንፈሯ ላይ ታደርገዋለች፣ ትገለብጠዋለች፣ ሌላውንም ጫፍ እንዲሁ ታደርጋለች፣ ከዚያ ነው አሸዋው ውስጥ የምትሰካው። ጣቶቿ በአሸዋና በሙጫ ብዛት እንደ ተረከዝ ደንድነዋል፤ ጉጦቹን በጣት ዳስሶ ላይና ታች መለየት አቅቷት ነበር። እኔ የታየኝ ግን ጫፍ መምረጥ የሚያታክታት እናቴ ናት። እንዲህ ከሄደች ስድስት ሳምንቱ በመሰካት ብቻ ያልቃል፤ እኔም ሳህን ከምታሸትት ሴት ጋር እኖራለሁ።

ከዚያ ብልሃት መጣልኝ። ሁለቱንም ጫፍ በሰያፍ ብቆርጠውስ? ያኔ መምረጥ አያስፈልጋትም፤ በየትም በኩል ብታነሳው ሹል ነው፣ ሰተት ብሎ ይገባላታል!

የቀረውን መቶ ሃምሳ እንዲያ አደረግኩት። ግራና ቀኝ የተቀረፀ እርሳስ ይመስል ነበር። በእርግጥም እናቴ ፈጠነች። ታነሳለች፣ ዳሰስ ታደርጋለች፣ ሹል ነው፣ ትሰካለች። ከሰዓት በኋላ ማንጎራጎር ሁሉ ጀምራለች።

«ዛሬ ቀናን ቅንቡርሴ! እጄ ተፈታ መሰለኝ።»

ብልሃቴን ብነግራት ውለታዬ የሚቀንስ መሰለኝ። ሁለት መቶ ሰማንያ ሲያቆጠቁጥ፣ ቁልፉ ሲመጣ ልነግራት ነበር ያሰብኩት።

ከዚያ ጥበቃ ሆነ። የተተከለን ቁራጭ ሥር አወጣ አላወጣ ብሎ እየነቀሉ ማየት ነውር ነው፤ ፀጉር የመሰለችው ሥር ትበጠሳለች። እናቴ በየማለዳው ቁራጮቹ የተሰኩባቸው የአሸዋ ጣሳዎች መሐል በዳበሳ እየዞረች ውሃ ትረጫለች። በአራተኛው ሳምንት አንዳንዱ ጉጥ አበጠ፣ ተሰነጠቀ፣ ሮዝ ጥጥ የመሰለ ነገር ብቅ አለ።

«ቁጠሪልኝ እስቲ፣ ቁጥር ትለማመጃለሽ» አለችኝ።

ቆጠርኩ። መቶ ስልሳ። በአምስተኛው ሳምንት መቶ ዘጠና። የቀሩት ዝም ብለዋል። ከዚያም ከጫፋቸው ጀምሮ ጠቆሩ።

«ዘግይተው ነው» አለች እናቴ።

«ጠቁረዋል እኮ እማ።»

«የዘገየ ነገር መጀመሪያ ይጠቁራል።»

እንዲህ ያለ ነገር በሙያው እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ ግን ሌላ የማውቀው ነገር ነበረኝ፦ የማሩ ጠርሙስ ባዶ ነው። የደካማዎቹን መድኃኒት እኔ በልቼዋለሁ። ማታ ስተኛ ሆዴ ውስጥ የወይን እንጨት ሥር ሲሰድ ይሰማኝ ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት ጋሽ ጣሳ መጣ። ቁጭ ብድግ እያለ ራሱ ቆጠረ። ሁለት ጊዜ ቆጠረ።

«ሁለት መቶ አሥራ አንድ» አለ። ከዚያ ከጠቆሩት አንዱን ነቅሎ ወደ እናቴ ዘረጋላት። «ይሄ ያንቺ የእጅ ሥራ አይደለም። እስቲ እይው።»

እናቴ እጇን ዘረጋች፤ እንጨቱ ካለበት አንድ ክንድ አለፍ ብሎ። እሱም እንጨቱን ድምፅ ሳያሰማ ወደ ሌላ በኩል አዞረው። የእናቴ እጅ ግን እዚያው ባዶ አየር ላይ ቀረ። ተቆጥታ አልቀበልም ያለችው መስሎኝ «ደግ አደረግሽ!» አልኩ በሆዴ።

ጋሽ ጣሳ እንጨቱን መሬት ላይ አስቀመጠ። «መቼ ነው የጀመረሽ?» አላት በመጨረሻ፣ በማላውቀው ድምፅ።

«ምኑ?»

«ተይ እንግዲህ፣ እህቴ።»

«ቅንቡርስ» አለች እናቴ፣ «ውጪ ተጫወቺ።»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የእውነት ወጣሁ። የማሩ ነገር ሊነሳ ነው ብዬ ፈርቼ እስከ ቧንቧው ሮጥኩ። ስመለስ የያዙትን ችግኞች በጋሪው ጭኖ ሄዷል።

እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣለች። የሞቱትን አንድ በአንድ እየነቀለች ጭኗ ላይ ታደርጋለች። አንዱን አነሳች፤ አሸዋ ውስጥ የነበረውን ጫፍ ዳሰሰች። ከዚያ ሌላውን፣ ቀጥ ማለት የነበረበትን። አውራ ጣቷ እዚያ ላይ ቆመ። ሌላ ነቀለች፣ ሁለቱንም ጫፍ ዳሰሰች። ሌላ። ስድስት ሰባቱን እንዲህ ካደረገች በኋላ እጆቿን ሰበሰበች።

«እማ» አልኳት፣ «ማሩን እኔ ነኝ የላስኩት። ሁሉንም። በእኔ ምክንያት ነው የሞቱት።»

ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቁ ከዚያ ሌላ ነገር ሆነ፣ ቀሚሷ ላይ ያለው ቀረፋ በእንባ ተለወሰ።

«ማሩ አይደለም የእኔ ቅንቡርስ። ማር ምን ያደርጋል?»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ብርዱ ነው። ዘንድሮ ብርዱ በረታባቸው።»

በዚያ ሰሞን የጣራችን ቆርቆሮ በፀሐይ ይንጣጣ ነበር።

ያንኑ ቀን እንጨቶቹን ሁሉ እየሰባበረች እሳት ውስጥ ጨመረቻቸው። ጫፍ ጫፋቸውን ለብቻ ነበር የምትሰብረው። እርጥብ ስለነበሩ ጭሱ አስለቀሰን። «ለምን ጓሮ አንጥላቸውም?» ስላት «እትዬ ስትመጣ ቤቱ ንጹሕ ይሁን» አለችኝ።

እትዬ ከአራት ቀን በኋላ መጣች። የሚገርመው ያን ቀን አንድም ሳህን አላሸተተችም። ልብሴን በሁለት ፌስታል አሰረች። «እናትሽ ሩቅ ቦታ ሥራ አግኝታ ነው፤ እዚያ ልጅ አይገባም» አለችኝ። ልጅ የማይገባበት ቤት የዓይነ ስውራን ማደሪያ ነበር። እኔ የመሰለኝ ግን የማሩ ቅጣት ነው። ለማር ልጅ ይሰጣል? ብዬ ተናደድኩ። ንዴቴም ሥር ያዘ። በመጀመሪያው ዓመት እትዬ ሁለት ጊዜ «እንሂድ፣ እናትሽን እንይ» ብላኛለች፤ ሁለቱንም ጊዜ አልጋ ሥር ገብቼ የአልጋውን እግር አቅፌ አልወጣም አልኩ። ሁለተኛው ዓመት ሳያልቅ እናቴ በሳንባ ምች ሞተች። ስለ ዓይኗ እትዬ የነገረችኝ ያን ቀን ነው፣ ፊቴን እያጠበችኝ።

ስለ ጫፎቹ ግን ማንም አልነገረኝም፤ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። አምና የፀጉር ቤቱ ባለቤት ደጃፍ ላይ ያለችውን ጽጌረዳ አባዢልኝ ብላ መቀስ ሰጠችኝ። አንዱን ቆረጥኩ። ታቹን በሰያፍ። ላዩን ቀጥ ላደርግ መቀሱን ሳስጠጋ ግራና ቀኝ የተቀረፁት እርሳሶቼ ትዝ አሉኝ። አውራ ጣቴን ጫፉ ላይ አድርጌ ዳሰስኩት፣ እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ እንደዳሰሰችው። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ውስጥ አንዲት ደንበኛ ራሷ ላይ ቀለም ተቀብታ «አንቺ ልጅ! ሊያቃጥለኝ ነው፣ ነይ እጠቢልኝ!» እያለች ትጮሃለች። ሌላዋ ሠራተኛ ናት ያጠበችላት። ምን ሆነሽ ነው ሲሉኝ ብርዱ ነው አልኩ።

ያኔ ከእናቴ ጋር የተለያየነው መናኸሪያ ውስጥ ነው። ሁለት አውቶቡሶች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ሞተራቸው ይንጫጫል፣ ረዳቶቹ እየተሳደቡ ዕቃ ይጭናሉ። እናቴ ከመሳፈሬ በፊት ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። ግንባሬን፣ ቅንድቤን፣ አፍንጫዬን፣ አገጬን ቀስ ብላ ዳሰሰች፣ ሁለት ጊዜ። እኔ አኩርፌአለሁ። «ፊቴን በአሸዋ እጅሽ ቧጠጥሽው!» ብዬ ገፋኋት። እትዬ በክርኗ ጎሸመችኝ።

ገብተን መስኮት ያዝኩ። እናቴ ከታች ከሰው መሐል ቆማለች። የእኛ ሞተርና የጎረቤታችን ሞተር እኩል ተነሳ። ያኔ እናቴ እጇን አንስታ ማውለብለብ ጀመረች። ለእኔ አይደለም። ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ ለጎረቤት አውቶቡስ ነው። እዚያ መስኮት ላይ አንዲት ልጅ ዳቦ ትገምጣለች፤ እናቴ ለእሷ ታውለበልባለች፣ እጇን ስማ ትልክላታለች፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ «አይዞሽ ቅንቡርሴ! አይዞሽ!» እያለች ትጮሃለች። በስሜ! ለሌላ ሰው ልጅ!

እትዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ጥሪያት» አለችኝ፣ «በመስኮት ጥሪያት እንጂ፣ ድምፅሽን ስትሰማ ትዞራለች።»

መስኮቱ ክፍት ነበር። እናቴ ከእኔ አሥር እርምጃ አትርቅም። ልጅቷ ዳቦዋን ወደ ሌላ እጇ አዛውራ መልሳ አውለበለበችላት።

መስኮቱን ዘጋሁት።